የሰፈራችን ቴሌግራም ከ2,000 በላይ ሰው አለው፤ አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው 19 ነን

ሰላም ለሀዋሳ ልጆች፣ ሰላም ለአዋቂዎችም። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አድሮ የሰፈራችን ቦይ ሞላና ጎርፉ ቤት ገባ። በዚያች ሌሊት በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን የተጻፈውን ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል! ፎቶው፣ የድምፅ መልእክቱ፣ እርግማኑ፣ ምክሩ። አንድ ልጅማ ቦዩ የት ላይ እንደጠበበ በእርሳስ ስሎ ሳይቀር ለጥፏል፤ አሳሳሉም ያስቀናል። በቡድኑ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሰው አለ፤ አብዛኛው ወጣት ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ቀበሌው ስለዚሁ ቦይ ስብሰባ ጠራ። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ሰብሳቢው ሲቆጥረን 19 ሆንን፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች፣ ከ30 ዓመት በታች የሆኑት ሁለት ብቻ። ሥዕሉን የሳለው ልጅ የለም። ቦዩ ከየት ተጀምሮ እንደሚጠረግ ተወሰነ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ፈርመን ወጣን። ማታ ውሳኔው ቡድኑ ውስጥ ሲሰማ ሌላ ቁጣ፣ ሌላ የድምፅ መልእክት።

እኔ የምተዳደረው በጽሕፈት ሥራ ነው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ። በዚህ ሙያ አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ገቢ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት የቱንም ያህል ቢያምር እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ እጠይቃለሁ፤ ኢንተርኔት ወጣቱን ወደ ፖለቲካው ቤት አስገባው ወይስ ደጃፉ ላይ አቁሞ ያስጮኸዋል? ፖለቲካ ስል ወንበርና ፓርቲን ብቻ ማለቴ አይደለም። ቦይም ፖለቲካ ነው።

(በኋላ የተጨመረ፦ ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከታተለው መልስ፣ ስለረዘመና አዲስ የሚመጡት ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለታከታቸው፣ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። ያዛባሁባችሁ ካላችሁ እረሙኝ።)

1ኛ። መጀመሪያ የመጣው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ እህቴ እያለ ነው የጻፈልኝ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ቀበሌው በር ላይ እንደሆነና መታወቂያ ከሚያሳድስ ሰው በቀር በዚያ የሚያልፍ እንደሌለ አስታወሰኝ። በእሱ አስተያየት አዳራሽ መቀመጥ የተሳትፎ አንዱ መልክ ብቻ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ሲካሄድ እሱ ዕድሜው ለመምረጥ አልደረሰም ነበር፤ ሆኖም በማግስቱ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን የውጤት ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለአጎቶቹ ልኳል። ያ ተሳትፎ ካልሆነ ምን ሊባል ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አላጣሁለትም፤ ግን ለጊዜው ዝም አልኩ።

2ኛ። አንድ መስመር ብቻ፤ ስብሰባው ላይ ለስላሳ ነበር ወይ የሚል። ውሃም አልነበረም።

3ኛ። ቀጥለው የጻፉት ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ብዙዎቻችሁ ጋሼ ስለምትሏቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። በ1966 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። ያኔ የወጣቱ ኢንተርኔት ማባዣ ማሽን ነበር፤ በስቴንስል ላይ ይተየባል፣ ሌሊት ይባዛል፣ ሳይነጋ በየደጃፉ ይበተናል። ቀለሙ ከጣት ቶሎ ስለማይለቅ ጣት ራሱ ማስረጃ ይሆን ነበር። በ1957 መሬት ላራሹ ብለው አደባባይ የወጡትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያነሱትም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች፣ አገር ግን አንቀሳቀሰች፤ ምክንያቱም የጻፋት እጅና የተሰለፈው እግር የአንድ ሰው ነበሩ። እዚህ ላይ ሽማግሌ ትዝታውን ሊያሳምር ነው ብዬ ሳስብ ጋሼ ራሳቸው ቀደሙኝ። ከ1966 ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያው ማባዣ የኢሕአፓንና የመኢሶንን ወጣቶች እርስ በርስ አጠማምዶ፣ ትናንት አብረው ወረቀት የበተኑ ልጆች እንደተገዳደሉ ጻፉ። ያኔ ጥላቻን ለማባዛት ፌስቡክ አላስፈለገም። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ስህተት ሠሩ፤ በአገራችን መንግሥት የወጣቱን ስልክ መፍራት የጀመረው ፌስቡክ ከመጣ ወዲህ ነው አሉ።

4ኛ። ይህን ለማረም ብቻ የገባ ሰው አለ። በአክብሮት፣ ጋሼን ይቅርታ ጠይቆ ነው የጀመረው። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ የሞባይል አጭር የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ያህል እንደቆየና የተከፈተው በአዲሱ ሚሊኒየም መባቻ እንደሆነ አስታወሰ። ያኔ ስልክ የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ፌስቡክ የሚባል ነገር እዚህ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሼ በልባቸው ሳይይዙ ተቀበሉት።

5ኛ። ከሁሉ ረጅም ጊዜ ያሳሰበችኝ ይህች ናት። ከገጠር የመጣች፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ ናት። እኔ ወጣት ስል፣ ተማሪው ልጅም ወጣት ሲል፣ እሷን እንዳላየናት ነገረችን። ቅዳሜ ጠዋት ተረኛ ናት፣ ስለዚህ አዳራሹ ለእሷ የለም። ቴሌግራሙም ግማሽ በግማሽ ነው የሚኖረው፤ የኢንተርኔት ጥቅል የምትገዛው ለሌሊት ብቻ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ። ሌሊት ስትከፍተው ክርክሩ አልቆ፣ ተሰዳድበው፣ ታርቀው፣ ሌላ ጉዳይ ይዘው ታገኛቸዋለች። ቢሆንም የራሳቸው ትንሽ ቡድን አላቸው፤ 60 ሴቶች፣ ሁሉም ተከራይ። የቤት ኪራይ በየትኛው መንደር ስንት እንደገባ፣ የቱ አከራይ ውሃ እንደሚቆልፍ፣ የቱ መንገድ ማታ መብራት እንደሌለው በድምፅ መልእክት ይነጋገራሉ። አንድ ጊዜ በመብራቱ ጉዳይ ሰብሰብ ብለው ክፍለ ከተማ ድረስ ሄደዋል።

ቀጥላ የጻፈችው ይበልጥ ከበደኝ። በትልልቆቹ የፖለቲካ ገጾች ላይ ሁለት ጊዜ አስተያየት ሰጥታለች። ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰላት ስለ ሐሳቧ አልነበረም፤ ስለ ፎቶዋ፣ ስለ ሰውነቷ፣ ስላላገባችበት ምክንያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ታነባለች እንጂ አትጽፍም። ታዲያ ገጹን የሚቆጥር ሰው እሷን ከየት ይቁጠራት?

(እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። በእኔም ቤት ማመልከቻ ከሚያጽፉት ግማሽ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። በቡድናችን ግን በሳምንት የሴት ድምፅ የምሰማው ስንት ጊዜ እንደሆነ አሁን ነው ያስተዋልኩት።)

6ኛ። ከዚህ በኋላ አየሩ ተለወጠ። አንድ ሰው፣ ስሙንም ፎቶውንም የደበቀ፣ በቁጣ ገባ። ቀበሌ አዳራሽ የካድሬ ቤት እንደሆነ፣ እጁን አውጥቶ የተናገረ ሰው ስሙ እንደሚያዝ፣ እኔም የዋህ ወይም የእነሱ ሰው እንደሆንኩ ጻፈ። በእሱ ዘንድ ኢንተርኔት ለወጣቱ የሰጠው ትልቁ ነገር ጭምብል ነው። ያለ ጭምብል በዚህ አገር እውነት የተናገረ የለም ባይ ነው። ስድቡን ትቼ ፍርሃቱን ተቀበልኩት፤ ፍርሃት ከባዶ አይመጣም። ነገር ግን ጭምብል አቤቱታ ላይ አይፈርምም።

7ኛ። የሕግ ሰው እንደሆነ የሚያስታውቅ አንድ ሰው ጭምብሉም እንደማያዛልቅ አስረዳ። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ደግሞ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ ገንዘቡ እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በ6ኛው መልስ ላይ ሌላም ጉድለት አገኘበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ፣ በአንቀጽ 38 ደግሞ 18 ዓመት ለሞላው ሁሉ የመምረጥ መብት ሲሰጥ ሦስቱን ለየብቻ ያስቀመጣቸው አንዱ የሌላው ምትክ ስላልሆነ ነው አለ። ጥሩ አባባል ነው፤ ብቻ አጻጻፉ ፍርድ ቤት የቆምን አስመሰለው።

ከ8ኛ እስከ 11ኛ። ጠብ ነው። የ6ኛው ሰውዬ ሕግ የሚጠቅሰውን የመንግሥት ጠበቃ አለው፤ ያኛውም ስም የለሽ ጀግና ሲል መለሰለት። በመካከል አንድ ልጅ በሲዳምኛ ሁለት አንቀጽ ጻፈ። ሌላው ደግሞ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ይጻፍልን ብሎ በኃይለ ቃል ተናገረው፤ ልጁም በገዛ ከተማዬ በቋንቋዬ ለመጻፍ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ አለ። መድረክ ጠባቂው ሁለት መልሶች ሰርዟል፤ ምን እንደነበሩ እንዳነበብኳቸው ብረሳቸው ይሻላል። የቋንቋው ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። በቡድናችን ያሉት ልጆች ቤት የሚያወሩት በአንዱ ቋንቋ፣ የሚከራከሩት በሌላው ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚከራከር ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል ወይም ቶሎ ይቆጣል።

12ኛ። ያ በሲዳምኛ የጻፈው ልጅ ኩርፊያውን ትቶ በአማርኛ ተመለሰ፤ ክሩን ያዳነውም እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሁለቱ አንቀጾች ስለ ሶንጎ ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለሚመክሩበት የሲዳማ ሸንጎ። እዚያ ነገር ሲነሳ አፊኒ ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ፣ ደረሳችሁ ወይ እንደማለት ነው። የቀረበው ነገር መሰማቱ ሳይረጋገጥ ወደ ውሳኔ አይታለፍም። አያቱ ሲመክሩ ተቀምጦ አዳምጧል፤ አንድ የድንበር ጉዳይ ሦስት ቀን ሲፈጅ አይቷል። ከዚያ ስልኩን ከፈተና ሁሉም የሚናገርበት፣ አፊኒ የሚል አንድ ሰው የጠፋበት ቦታ ሆኖ አገኘው። በእሱ ግምት ወጣቱን ያበላሸው የስልኩ ፍጥነት አይደለም፤ መሰማቱን የሚያረጋግጥለት ማጣቱ ነው። ሳይሰማ የቀረ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አሁንም ካልተሰማ ይሳደባል።

13ኛ። አንድ ሌላ የሀዋሳ ልጅ በዚህ አልተስማማም። ሶንጎውን አክብሮ፣ ሶንጎው ውስጥ ግን ወጣትና ሴት ስንት ጊዜ ይናገራሉ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የራሱን ታሪክ አመጣ። ህዳር 10 ቀን 2012 ለሕዝበ ውሳኔው ገና ሳይነጋ ተሰልፏል፤ ከፊቱ አሮጊቶች፣ ከኋላው የክፍል ጓደኞቹ። ሻፌታው፣ ማለትም የሲዳማ ባህላዊ የሸክላ ገበታ፣ ለክልልነት፣ ጎጆው ከደቡብ ክልል ጋር ለመቆየት ምልክት ነበሩ፤ ማንበብ የማይችለውም በምልክቱ ይመርጥ ነበር። የተመዘገበው ሕዝብ ከ2.2 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ውጤቱም 98.5 በመቶ ለሻፌታው ሆነ፤ ሲዳማ በሰኔ 2012 ክልል ሆኖ ተደራጀ። ያን ሰልፍ ማን አወጣው ለሚለው ጥያቄ ልጁ ሁለት መልስ አለው። ፌስቡኩ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ወሬውን አዳርሷል። ከአልጋው ያስነሳው ግን በር ያንኳኳው የአክስቱ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የሐምሌ 2011 ግርግር ደግሞ ያው ስልክ ወሬ እያራገበ ሰው እንዳስደነገጠና ብዙ ጉዳት እንደደረሰ ሳይደብቅ ጻፈ። በዚያ ሳምንት ያየውን ግን አልዘረዘረም። ማንም አልጠየቀውም።

14ኛ። ኬንያን ያነሳ መጣ፤ መምጣቱ አይቀርም ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ወጣቶቹ የግብር ረቂቁን በቲክቶክና በኤክስ እየተነተኑ፣ ወደየቋንቋቸው እየተረጎሙ ለሕዝብ አዳረሱት። ጸሐፊው ረቂቁ ሰልፉን ፈርቶ ፓርላማ ሳይደርስ ቀረ ብሎ ደመደመ።

15ኛ። እሱም ታረመ። ፓርላማው ረቂቁን እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 አጽድቆታል፤ በዚያው ቀን ሰልፈኞች ምክር ቤቱን ጥሰው ገቡ፤ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም ያሉት በማግስቱ ነው። በመካከሉም የሰው ሕይወት ጠፍቷል። አራሚው ኔፓልንም ጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 መንግሥት 26 የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮችን ዘጋ፤ በቀናት ውስጥ ተቃውሞ ፈነዳና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። መድረክ መዝጋት ሰውን ቤቱ ያስቀምጣል ለሚል ሰው ይህን አሳዩት አለ። ጋሼ እዚህ ላይ ብቅ ብለው፣ የሞቱትን ልጆች ስም ሳናውቅ ድሉን ብቻ እንዳንቆጥር በአንድ መስመር ለመኑን።

16ኛ፣ 17ኛ፣ 18ኛ። ክሩ ወደ ሐይቁ ተንሸራተተ። አንዱ እኛ ተንታኞች አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ እንደተኮለኮሉት ትልልቅ ወፎች፣ እንደ አባ ኮዳዎቹ ነን አለ፤ ዓሣውን የሚያጠምደው ሌላ፣ አንጀቱ ሲጣል የምንሻማው እኛ። ሳቅሁ። ቀጣዩ ግን ስለ ዓሣ ዋጋ ጀመረ፣ ሦስተኛው ጥብሱ የት እንደሚሻል አከራከረ። ጥብሱን በተመለከተ ሐሳቤን በውስጥ መስመር እናገራለሁ።

19ኛ። ስልክ ጠጋኙ ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው በነበረበት ጊዜ ሱቁ በወጣት ተጨናንቆ ነበር፤ ሁሉም እገዳውን የሚያሻግረውን መተግበሪያ፣ ቪፒኤን፣ አስገባልኝ ባይ። በእነዚያ አምስት ወራት ወጣቱ ከፖለቲካ አልራቀም፤ ስለ ቪፒኤን ግን ሊቅ ሆነ። ወሬውም አልቀነሰም፤ የሚያጣራበት መንገድ ስለጠበበ ይልቁንም ወፈረ። በመስመር ላይ ልብስ ትሸጥ የነበረች አንዲት ደንበኛው ግን ንግዷ ከሥሯ ተነቅሎ ቀረ፤ ስለ እሷ የተከራከረ ተንታኝ የለም።

20ኛ። ተማሪው በማስረጃ ታጥቆ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የምክር ቤት ምርጫ ቀን 61 ሚሊዮን በሚሆኑ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። መርጫለሁ የሚል ምልክት ያደረጉ ጓደኞቻቸውን ፎቶ ያዩት ሰዎች፣ ተራውን ማስታወቂያ ብቻ ካዩት ይልቅ በዝተው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደዋል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት በቀጥታ 60,000፣ በጓደኛ በኩል ደግሞ 280,000 ያህል ተጨማሪ ድምፅ እንደተገኘ ገምተዋል። ያንቀሳቀሰው የቅርብ ወዳጅ ፊት ነበር። ተማሪው ይህን ከ13ኛው ልጅ የአክስት ልጅ ጋር አያያዘው፤ አያያዙም ደስ አለኝ። ብቻ 280,000 ሰው ከ61 ሚሊዮን አንጻር ጠብታ መሆኑን ማንም አላነሳም፤ እኔ አነሳሁት።

21ኛ። ከዚያ ያልጠበቅነው እንግዳ፤ ቀበሌ ውስጥ እንደሚሠራ የገለጸ ሰው። ሰላምታውም ንግግሩም ደረቅ ነው። ያ የቦይ ሥዕል እሱም ስልክ ላይ እንደነበረ፣ ወዶት እንደነበረም ጻፈ። ነገር ግን ሥዕሉን ይዞ ክፍለ ከተማ ቢሄድ የማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቁጥር እንደገባ ይጠየቃል። በእጁ ያለው 19 ሰው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ነው፤ በጀት የሚጠየቀውም በእሱ ነው። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት መሆኑንና በቡድኑ ውስጥ ሳይለቀቅ መቅረቱን ግን አመነ።

ከ22ኛ እስከ 25ኛ። ወረዱበት። ስለ መታወቂያ ወረፋ፣ ስለ ተዘጋ ቢሮ፣ ስለ ነገ ና ያላቸው ቂም ሁሉ በእሱ ላይ ፈሰሰ። የ6ኛው ሰውዬ እንኳ ደስ ብሎት ተመለሰ። ያመነ ሰው ላይ ሲዘመት ማየት አልወደድኩም፤ ሌላ ጊዜ የሚያምን እንዳናጣ።

26ኛ። የራሴ ነው። ስብሰባው በሦስት የተለያዩ ቀኖች ይሁን፣ ጥሪው ከሳምንት በፊት በቡድኑ ይለቀቅ፣ አንዱ ስብሰባ ለተረኞች እሑድ ማታ ይሁን የሚል አቤቱታ በነፃ እንደምተይብ አስታወቅሁ። የቦዩ ሥዕል አባሪ ይሆናል። መፈረም የፈለገ በሱቄ ይለፍ፤ ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ መሀል ከተማ ሲመጡ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ነው።

27ኛና 28ኛ። በሰዓታት ውስጥ 143 ሰው እፈርማለሁ ብሎ እጁን አነሳ። ሕጉን የሚያውቀው ሰው አንቀጽ 30ን ከመግቢያው ላይ እንዳስገባው መከረኝ፤ አስገባሁት።

29ኛ። የሳምንቱ ቆጠራ። ሱቄ መጥተው የፈረሙት 31 ናቸው። ከእነሱ ዘጠኙ ከፋብሪካው፤ እሑድ ማታ ልዘጋ ስል ተሰብስበው መጡና በጽሑፏ ብቻ የማውቃትን የ5ኛዋን ልጅ ፊቷን አየሁ። ስሟን ስትጽፍ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼም በከዘራቸው መጥተው በወጣቶቹ ዓምድ ካልፈረምኩ ብለው አስቸገሩኝ። የቦዩ ሠዓሊ መጥቷል፤ ሥዕሉን በትልቁ ወረቀት እንደገና ስሎ። የ6ኛው ሰውዬ መጥቶ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ።

30ኛ። ወረቀቱ ሰኞ መዝገብ ቤት ገባ። ገቢ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፤ ፎቶውን ከላይ ለጥፌአለሁ። መልስ ገና አልመጣም።

31ኛ። መፈረም የሚፈልግ አንድ ልጅ ሱቄ የት እንደሆነ ጠየቀ። 26ኛውን አንብብ፣ ወንድሜ። ሰማያዊ በር።